ባቢሎን ያልተጫወተበት ዙር

ኅዳር 3

ትምህርት ቤቱ ዛሬም አልተከፈተም። መብራት ግን ምሳ ሰዓት ላይ መጣ፤ ስለዚህ የኮምፒውተሩን ጨዋታ ጀመርን።

የመግባቱ ሐሳብ የኔ ነው። ወንድሜ ኢዛና አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ፣ ፈተናው ሳይሰጥ ቀርቶ ቤት ከተቀመጠ ወዲህ ዓይኑ መንገድ መንገድ ነው የሚያየው። ከክፍሉ ልጆች ስንቱ ጫካ ገባ፣ ስንቱ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ወጣ። ባለፈው ሰሞን ደግሞ አዲስ ሸራ ጫማ ገዝቶ አልጋው ሥር ደብቆት አየሁ። ቤት የሚውል ሰው ጫማ ገዝቶ አይደብቅም። ስለዚህ ሚሊዮን ሱቅ ስለሚጫወቱት ጨዋታ ሲነግረኝ «እሺ፣ እኔም እገባለሁ» አልኩት። «እውነትሽን ነው?» ብሎ እንደ ሕፃን ዘለለ። በዚህ ከያዝኩት ቢያንስ ከሰዓት ከሰዓት የት እንዳለ አውቃለሁ።

የሚሊዮን ሱቅ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ነው። ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወዲህ ደንበኛ የሚባል የለውም፤ አራት አሮጌ ኮምፒውተሮቹን በገመድ አያይዞ ቁጭ ብሏል። ተጫዋቾቹ እኔ፣ ኢዛና፣ ሚሊዮን ራሱ፣ እና የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ሁዜይፋ ነን። ሁዜይፋ የኢዛና የልብ ጓደኛ ነው፤ እኔም ታሪክ አስተምሬዋለሁ፤ እስከ ዛሬ «ቲቸር» ነው የሚለኝ።

የጨዋታው ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት አራት ሺህ ነው። ሁሉም አንድ አንድ ሕዝብ ይመርጣል። ሲጀመር ያለህ ጓዛቸውን የተሸከሙ ሰፋሪዎችና አንድ ጦረኛ ብቻ፤ ቀሪው ካርታ በሙሉ ጨለማ። በየዙሩ ትንሽ ትራመዳለህ፤ የረገጥከው ይበራል። አራቱም ተራቸውን ካልጨረሱ ዙሩ አያልፍም።

እኔ ግብጽን መረጥኩ። ሁዜይፋ «ወላሂ ቲቸር፣ አባይ አጠገብ ተወልደሽ አባይን አሳልፈሽ ሰጠሽ!» ብሎ ሳቀብኝ። እሱ ፋርስን ያዘ፣ ሚሊዮን ግሪክን። ኢዛና መቼም አክሱምን ይወስዳል ብዬ ነበር። «ስሜ ይበቃኛል» አለና ባቢሎንን መረጠ።

ሦስታችን በቆምንበት ከተማ ቆረቆርን። ኢዛና ሰፋሪዎቹን ይዞ መንገድ ጀመረ።

«ተቀመጥ እንጂ! ዙሩ እየባከነ ነው» አልኩት።

«ውኃ ሳላይ አልቀመጥም።»

መብራት እስኪሄድ ድረስ ሲንከራተት ዋለ። እነዚያ ትንንሽ ሰዎች ጨለማ ውስጥ ሲገቡ ማየት ለምን እንዲህ እንዳስጨነቀኝ አላውቅም።


ኅዳር 5

ቶሎ ቶሎ። ሻማው አልቋል።

ባቢሎን ወንዝ አገኘ። ሁለት ወንዞች የሚገናኙበት ላይ ቆረቆረ። ከሁላችን ኋላ ጀምሮ ከሁላችን ፊት አደገ። ሁዜይፋ ተናደደ።

እማዬ ምሳ አልበላሽም ብላ ተቆጣች። ጾም ነው አልኳት። «ጾሙ ገና አልገባም» አለችኝ።


ኅዳር 8

ዛሬ ወንበዴ መጣብኝ። ከጨለማው ውስጥ፣ ሁለት ጓድ። እኔ እንደ ሞኝ ጦረኛዬን አገር እንዲያይ ልኬ ከተማዬ ባዶዋን ናት። የታሪክ አስተማሪ! ባዶ ከተማ ምን እንደሚገጥማት ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። ሌላ ጦረኛ እስካሠለጥን ወንበዴዎቹ ይደርሳሉ።

ከዚያ ከኮረብታው ጀርባ የባቢሎን ጦረኛ ብቅ አለና የከተማዬ በር ላይ ቆመ። ኢዛና ሳይነግረኝ ቀድሞ ልኮት ኖሯል።

«እንዴት አወቅህ?»

«ቤትሽን ትተሽ ሩቅ ሩቁን እንደምታዪ አውቃለሁ» አለኝ፤ ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሣም። ሚሊዮን «ወንድም እንዲህ ነው» አለ።

ቤት ስንገባ እትዬ በዛች ከእማዬ ጋር ተቀምጠዋል። ጎረቤታችን ናቸው፤ ትውልዳቸው ወግዲ ስለሆነ ከዚያ የሚመጣ ወሬ መጀመሪያ የሚገባው እሳቸው ጆሮ ነው። እኔን ሲያዩ ወሬው ተቆረጠ። ከዚያ ስለ በርበሬ ዋጋ አወሩ። ስለ በርበሬ እያወራች እማዬ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ጭሱ ይሆናል።

«ከወግዲ የሰሙት ነገር የለም?» አልኳቸው።

«ኔትወርኩ ጠፍቷል ይላሉ እኮ ልጄ። አብሽሪ። ዋናው ጤና ነው፤ ነፍስ ካለ ሁሉ አለ።»

እጮኛዬ ደሳለው ለቅየሳ ሥራ ወደ ወግዲ የወረደው በመስቀል ማግስት ነው። ለጥቂት ሳምንት ብሎኝ ነበር። መሬት ቀያሽ ስለሆነ ሥራው እግር ነው፤ ተራራ ወጥቶ ተራራ ይወርዳል፤ እሱ ሲራመድ ሌላ ሰው ይሮጣል። ሠርጋችን በጥር ነው። ኔትወርክ ሲመለስ ይደውላል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ስለ እሱ እዚህ አልጽፍም ብዬ ነበር።

ከእራት በኋላ እማዬ ጓዳ ውስጥ ኢዛናን «ብቻዋን አትተዋት» ስትለው ሰማሁ። ሳቄ መጣ። ጠባቂው ማን፣ ተጠባቂው ማን!


ኅዳር 11

ከባቢሎን ጋር የሰላም ውል ገባን። እሱ የጽሕፈት ጥበብ ሰጠኝ፣ እኔ የሸክላ ሥራ። ሚሊዮን «ዘመዳዝማድ ናችሁ፣ ይህ አድልዎ ነው» ብሎ ጮኸ። ሳቅን። ለካ መሳቅ ይቻላል።

ስስቅ ኢዛና ዞር ብሎ አየኝ፤ አስተያየቱ ሐኪም በሽተኛውን እንደሚያይ ነው። «ምን አፈጠጥክብኝ?» አልኩት። «ምንም» አለ።

የሠርግ ቀሚሴን ሥራ ሸማኔው አቁሞታል። እማዬ «ታሟል» አለችኝ። ዛሬ ገበያ ላይ አየሁት፤ ቆሞ እየተከራከረ ጥጥ ይገዛል። ቶሎ ተሽሎታል።


ኅዳር 14

ጠዋት ተኩስ። ከከተማው ዳር ይሁን ከዚያ ማዶ አይታወቅም። ሱቅ ሁሉ ዘጋ። ኢዛና? ቤት አለ። አለ። ተመልሼ አየሁ። አለ።

አመሻሽ ላይ ጸጥ አለ። መብራት የለም። ሚሊዮን ጨዋታውን አስቀምጦት እንደሆነ አላውቅም። ካልተቀመጠ ከዜሮ ልንጀምር ነው። ከዜሮ ብንጀምር ደስ ይለኛል። እንዲያውም እንደዚያ ቢሆን፤ ብዙ ዙር፣ ብዙ ከሰዓት።

አባዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጥምጣማቸው አቧራ ለብሷል። መሪጌታ ናቸው፤ ተኩሱ ሲጀመር ዜማ እያስተማሩ ነበር። «አላቋረጥንም፤ ድምፅ ጨመርን» አሉ። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጠው እጃቸውን ራሴ ላይ አኖሩ። ሌላ ቀን እንዲህ አያደርጉም።


ኅዳር 17

ጨዋታው ተቀምጧል። ካቆምንበት ቀጠልን።

ፋርስ ሠረገላ ሠርቶ ግሪክ ላይ ዘመተ። ሚሊዮን «በገዛ ሱቄ!» እያለ ሲጮህ መንገደኛ ሁሉ አንገቱን አስገብቶ አየን። ኢዛና ደግሞ አንድ ቃኚ ብቻውን ካርታው ጥግ ድረስ ልኳል፤ ከተራራው ሰንሰለት ማዶ፣ ማንም ያልደረሰበት። ለምን አልኩት። «ማዶ ምን እንዳለ ማወቅ አለብኝ። ካላወቅሁ ምን ብዬ እወስናለሁ?»

መልሱ የጨዋታ መልስ አልመሰለኝም።

መብራት ሲቋረጥ ወጣሁ፤ የረሳሁትን እቃ ልወስድ ተመለስኩ። ኢዛናና ሁዜይፋ በሩ ላይ ቆመው ነው፤ አላዩኝም።

«ሐሙስ ጠዋት ነጋዴዎቹ ይወርዳሉ» አለ ኢዛና። «ከነሱ ጋር ከሆንኩ ማንም ምን አለህ አይለኝም።»

«እህትህስ?»

«አንተና ሚሊዮን አላችሁ አይደል? እያጫወታችሁ አቆዩዋት።»

እቃዬን ሳልወስድ ቤት ገባሁ። ይኸው። ጫማው፣ መንገዱ፣ ሁሉም። ጫካ ሊገባ ነው። ለእማዬ ብነግራት ትወድቃለች። ለአባዬ ብነግራቸው ዳዊታቸውን ይደግማሉ እንጂ አይዙትም። የምይዘው እኔ ነኝ።


ኅዳር 19

የባቢሎን አገር ከሦስት ወገን ተራራ ነው። መውጫዋ አንዲት በር ናት፤ በሁለት ተራራ መካከል ያለች ጠባብ ቦታ። ኢዛና ሁለተኛ ከተማውን ከበሩ ማዶ ሊቆረቁር ሰፋሪዎቹን ልኮ መንገድ ላይ ናቸው። እኔ የበሩ ጫፍ ላይ ሰፋሪ ነበረኝ። እዚያው ከተማ ቆረቆርኩ፤ ወሰኔ በሩን ዋጠው። በውላችን ደግሞ አንዱ በሌላው ወሰን ማለፍ አይችልም።

የኢዛና ሰፋሪዎች ቆሙ።

«እፀዬ፣ ምን ማድረግሽ ነው?»

«ነገ ጠዋት ና፤ እንደራደራለን። መብራት በጠዋት ነው ይላሉ።»

«ነገ ጠዋት አይመቸኝም።»

«እንግዲያው በሩ እንደተዘጋ ይቆያል» አልኩት። እንደ ቀልድ ነው ያልኩት። ቀና ብዬ ግን አላየሁትም።


ኅዳር 20

መጣ። ለመሰናበት እንደመጣ ገባኝ፤ ትከሻዬን አቀፍ አድርጎ ነበር የተቀመጠው። ያ ሸራ ጫማ እግሩ ላይ ነው።

አንዴ መንደር ስጠኝና በሩን ልክፈት እላለሁ፣ አንዴ ፈረስ ጨምርበት፣ አንዴ ላስብበት። ጣቱን ጠረጴዛው ላይ ይመታል። ሁለት ጊዜ ተነሣ፣ ሁለት ጊዜ «አንድ ዙር ብቻ፣ በማርያም» ብዬ አስቀመጥኩት። በመጨረሻ ሁዜይፋ የሱቁ በር ላይ መጥቶ ራሱን ነቀነቀለት። ነጋዴዎቹ ሄደዋል ማለት ነው። እፎይ አልኩ። እፎይታዬን ፊቴ ላይ አየው።

«ሆን ብለሽ ነው!»

«ምኑን?»

«በጨዋታውም በውኑም መንገድ ዘጋሽብኝ! ስንት ቀን የጠበቅሁትን ሰው አሳለፍሽብኝ። እኔ ያንቺ…» አለና ቃሉን ዋጠው። ሚሊዮን ክንዱን ያዘው።

«የኔ ምን? ጨርሰዋ! የትም አትሄድም፣ ሰምተሃል? አንድ ወንድም ነው ያለኝ!» ጮህኩ። መንገድ ላይ ሰው ቆመ። እኔ መምህርት እፀገነት፣ የመሪጌታ ልጅ፣ በአደባባይ።

ኢዛና ወንበሩን ገፍቶ ወጣ። ተራውን አልጨረሰም።

ቤት ደርሷል። ሌላው ክፍል ውስጥ ሲሳል ይሰማኛል። ይሳል፣ ይቆጣ፣ ይጥላኝ። አለ።


ኅዳር 21

የለም።

እማዬና አባዬ ለጽዮን በዓል ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። እኔ ንጋት ላይ ነው እንቅልፍ የጣለኝ፤ ስንት ቀን ሳልተኛ ዛሬ ተኛሁ! አልጋው ተነጥፏል። የበሶው ከረጢት የለም።

ሁዜይፋ ቤት ሮጥኩ። የአባቱን ሱቅ ደጅ ይጠርግ ነበር። ሲያየኝ መጥረጊያውን ጣለ።

«ከማን ጋር ነው የሄደው? የትኛው ጫካ ነው? ንገረኝ!»

«የምን ጫካ ቲቸር? ጫካ አይደለም ወላሂ።»

«ታዲያ የት ነው?»

መሬት መሬት አየ። «ሐቂቃውን ልንገርሽ። ወግዲ ነው የወረደው። ደሳለውን ሊያይ።»

ምን እንዳልኩት አላስታውስም። ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝ። ሚሊዮንን ጠራው። ሚሊዮን መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«ይህን ጨዋታ ማን የጫነው ይመስልሻል?» አለኝ። «ኢዛና ለምኖኝ ነው። ‹እህቴ አትበላም፣ አትተኛም፣ መስኮት ላይ ብቻ ነው የምትቀመጠው፤ ታሪክ ትወዳለች፣ በዚህ ትወጣ ይሆናል› ብሎ። አንቺን ከቤት ለማስወጣት ነው እኮ፣ እፀገነት።»

እኔን። እኔን ሊጠብቅ።

«ደሳለው ምን ሆኗል?» አልኩ። «እናትሽን ጠይቂ» አለ ሚሊዮን።


ኅዳር 21፣ እንደገና

እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። ፊቴን አይታ አወቀች። ነጠላዋን እንኳ አላወረደችም።

በጥቅምት መጀመሪያ ነው። ደሳለው የነበረበት መኪና ተኩስ ሲሰማ ሊያመልጥ ሲሮጥ ተገለበጠ። ሁለት ሰው ሞተ። ደሳለው እግሩ ከመኪናው ሥር ቀረ፤ ሐኪሞቹ ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። የእትዬ በዛች ዘመድ አግኝታው ራሱ ነው ቃል የላከው። «ለእፀገነት አትንገሯት። ትቶሻል፣ ሌላ አግብቷል በሏት። ቀለበቴን አልፈልግም፤ ለሷም አልሆናትም» ብሎ።

«እና እሺ አልሽ?»

«ልብሽ እስኪጠነክር ብዬ ነው ልጄ!»

«ልቤ የሚጠነክረው ባለማወቅ ነው?»

«እግር የሌለው ቀያሽ ምን ሠርቶ ያኖርሻል? ራሱ ፈታሽ እኮ! እኔ እናት ነኝ፤ አንቺን ነው የማየው» አለችና የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ላቅፋት ፈልጌ ነበር። አላቀፍኳትም።

«ኢዛናስ?»

«መጀመሪያም አልተስማማም። ‹በዓይኔ ሳላይ በእህቴ ላይ አልዋሽም› አለ። እንዳትሄድ ብዬ ለመንኩት። ከነጋዴዎቹ ጋር ከሆነ ይሂድ ብዬ ተውኩት።»

ከነጋዴዎቹ ጋር ቢሆን ከሰው ጋር ነበር የሚሆነው። እኔ ነኝ ያስቀረሁት። አሁን በዚያ መንገድ፣ በዚህ ጊዜ፣ ወጣት ወንድ ልጅ፣ ብቻውን። አንዱ ያንዱ ሰላይ ነህ ይለዋል፣ ሌላው የሌላው። ደህናውን በር ዘግቼ አደገኛውን የከፈትኩለት እኔ ነኝ።

ደሳለው በሕይወት አለ። ይህን አሁን ነው ያስተዋልኩት። አለ።


ኅዳር 24

ወሬ የለም።

ዛሬ ሚሊዮን ሱቅ ሄድኩ፤ ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ሦስታችን ኮምፒውተሮቹ ፊት ተቀመጥን፣ ያው ልማድ ሆኖብን። እኔ ተራዬን ጨረስኩ፤ ሁዜይፋም፤ ሚሊዮንም። ስክሪኑ ላይ «ባቢሎንን በመጠበቅ ላይ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ዙሩ አያልፍም። የኢዛና ሰፋሪዎች እኔ የዘጋሁት በር ላይ ቆመዋል።

«ኮምፒውተሩ በሱ ፋንታ እንዲጫወት ማድረግ ይቻላል» አለ ሚሊዮን ቀስ ብሎ።

«እንዳታደርገው!» አልን እኔና ሁዜይፋ እኩል።

እዚያው ተቀመጥን። ሁዜይፋ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ እያደረገ ነው። ሰዓት እላፊው ሲደርስ ተነሣን።


ኅዳር 26

ከወግዲ የመጡ ሁለት ሴቶች መንገዱ ላይ ወጣቶች ተይዘው አይተናል አሉ። «መልኩ ቀይ የሆነ፣ ቀጭን ልጅ ነበር?» «ሁሉም ቀጭን ናቸው ልጄ» አሉኝ።

እማዬና እኔ አንነጋገርም። ሽሮ ሠርታ ፊቴ አስቀመጠች። እሷ እንድትበላ ሰሃኑን መልሼ ገፋሁት። ገፋችው ወደ እኔ። በመጨረሻ አብረን በላን።


ኅዳር 28

መጣ! መጣ! መጣ!


ኅዳር 28፣ በኋላ

አባዬ ሠርክ ጸሎት ሊሄዱ በሩን ሲከፍቱ ቆሞ ነበር። ጺሙ ወጥቷል፣ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ አዲሱ ጫማ ጎኑ ተቀዷል። እማዬ መሬት ሳመች። እኔ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ፤ ይቅርታ ማለት ፈልጌ «ሸተትክ» አልኩት። ሳቀ።

ሁለት ቀን አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ከሌሎች ጋር አቆይተውታል። ማን እንዳቆየው አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅንም። የመሪጌታ ቃለ ክርስቶስ ልጅ መሆኑን የሚያውቅ አንድ ሰው ቃል ሰጥቶለት ተለቀቀ። ወደ ኋላ አልተመለሰም፤ ወደ ወግዲ ቀጠለ።

እግሩን ሞቅ ባለ ውኃ እያጠብኩት ነገረኝ። ደሳለው አንድ የሥራ ባልደረባው ቤት ነው ያለው። ቁስሉ ድኗል። ሰው ሲመጣ ያስቃል፣ ይቀልዳል፤ ሰው ሲሄድ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል፤ ይህን የነገረችው የባልደረባው ሚስት ናት።

«ስለ እኔ ምን አለ?»

«‹እንዳትመጣ በላት› አለኝ። ቆጣ ብሎ። ሦስቴ ደጋገመው።»

«ሌላስ?»

ኢዛና እግሩን ውኃው ውስጥ አንቀሳቀሰ። «ልወጣ ስል ጠራኝ። ‹አሁንም ስታስተምር ድምጿ ከመንገድ ይሰማል?› አለኝ። ‹ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል› አልኩት። ‹ታዲያ ዝም ብላ ነው የከረመችው?› አለና ዓይኑ እንባ ሞላ።»


ታኅሣሥ 1

ዛሬ በቤታችን ክርክር ነበር። እኔ ወግዲ እወርዳለሁ አልኩ። እማዬ «ራሱ የተወሽን ሰው? ሴት ልጅ እየተከተለች? አገር ምን ይላል?» አለች። ኢዛና «እኔ አደርሳታለሁ» አለ። እማዬ «አንተን መልሼ ለማጣት?» ብላ ጮኸች። እማዬ እውነቷን ነው፤ መንገዱ መንገድ አይደለም። እኔም ኢዛናን ዳግመኛ እዚያ መንገድ ላይ ማየት አልችልም። ግን ብቻዬንም አልደርስም። እንዲህ ሆነን ስንቃጠል አባዬ ዳዊታቸውን ዘጉ።

«አልጣሽ» ብለው እማዬን በስሟ ጠሯት። «ያን ቀለበት የባረክሁት እኔ ነኝ። ያ ልጅ ሊፈታው ከፈለገ ፊቴ ይፍታው። በሰው አፍ የተላከ ፍቺ አላውቅም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ? እግሩን አይተሽ ብትጸጸቺ?»

«አላውቅም አባዬ» አልኩ። እውነቱ ይህ ነው። «ካላየሁት ግን መቼም አላውቅም።»

«ደግ መለስሽ። አላውቅም ያለ ሰው አይዋሽም። ሐሙስ ከነጋዴዎቹ ጋር እንወርዳለን። ጥምጣም ያለው ሽማግሌ ይዞ የሚጓዝ ሰው ብዙ አይጠየቅም። ኢዛና ከእናትህ ጋር ትቀራለህ።»

እማዬ ተነሥታ ጓዳ ገባች። ቆየት ብዬ ሳያት በሶ ትፈጭ ነበር። አሁንም ተቆጥታ ነው፤ ግን ለሦስት ሰው ነው የምትፈጨው። ሦስተኛው ማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።


ታኅሣሥ 6፣ ወግዲ

ትናንት አመሻሽ ላይ ደረስን። መንገድ ላይ አንድ ገበሬ ቤት አደርን። ሁለት ቦታ አስቁመውን ነበር፤ አባዬ «ታማሚ ልንጠይቅ» አሉ፤ አሳለፉን። እግሬ አብጧል። አባዬ አንዴም ደከመኝ አላሉም።

ዛሬ ጠዋት ወደ ቤቱ ሄድን። ደሳለው ግድግዳው ሥር፣ ፀሐይ ላይ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ ጉልበቱን ጋቢ ሸፍኖታል። ከስቷል። ጸጉሩን አስረዝሟል። መጀመሪያ ያየው አባዬን ነው። ከኋላቸው እኔን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«እንዳትመጣ ብዬ አልነበር?» አለ ለአባዬ፤ ለእኔ አይደለም።

«ብለሃል። ልጄ አልሰማ አለችኝ» አሉ አባዬ። «እንዴት ከረምክ ልጄ?»

ትልቅ ሰው ቆሞ እሱ ተቀምጦ ሊመልስ አልሆነለትም። እጁን ግድግዳው ላይ ወደ ቆመው ምርኩዝ ዘረጋ።

«በእግዜር! በእግዜር አትነሣ!» አሉ አባዬ።

«የለም አባ፤ እነሣለሁ» አለ። ጋቢውን ያዝ አደረገ፤ ሊቆም ጀመረና ተወው። እጁ ጋቢው ጫፍ ላይ ቀረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን አየኝ። ዓይኑ ያው የድሮው ዓይኑ ነው፤ የሚለምን ዓይን ግን እሱ ላይ አይቼ አላውቅም።

«እፀዬ፣ ወዲያ ዙሪ። ልነሣ ነው» አለኝ።

አልዞርኩም።

ተነሣ።